የማን እጅ ነካው? አዳማ ላይ ለልጃችሁ የሳይንስ ፕሮግራም ስትመርጡ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት የሮቦት ኮርስ ወስዳ ነበር። የመጨረሻው ቀን ቲሸርቱን ለብሳ፣ ሰርተፍኬቱን በፕላስቲክ ይዛ ቤት መጣች። ደስ አለን። ቡና እየተጠጣ "እስቲ ምን ሠራሽ?" አልኳት። "መኪና ሠራን" አለች። "አንቺስ የቱን ሠራሽ?" ስላት ዝም አለች። ቆየት ብላ "እኔ ቪዲዮ ነበር የምቀርጸው" አለችኝ።

ለአሥራ ሁለት ልጅ አንድ ኪት፣ ማለትም አንድ የመገጣጠሚያ ዕቃ ስብስብ ነበር የቀረበው። ሁለት ቀልጣፋ ልጆች ይገጣጥማሉ። ሌላው ከቦ ያያል። እናቷ ግን የከፈለችው ሙሉውን ነው።

እኔ እዚሁ አዳማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰኔ ሲመጣ ስልኬ አያርፍም። "ቲቸር፣ ልጄን የት ላስገባው?" ይሉኛል ወላጆች። ምርጫው እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰፍቷል። የዩኒቨርሲቲ ማዕከል አለ። የትምህርት ቤት ክበብ አለ። የግል የክረምት ኮርስ አለ። ውድድር አለ። በስልክ የሚወሰድ ነፃ ትምህርት አለ። ሁሉም "በተግባር እናስተምራለን" ይላል። ከእህቴ ልጅ በኋላ ግን ሁሉንም የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፤ የልጁ እጅ ዕቃውን ስንት ሰዓት ይይዛል?

ይህን ያህል የማጠብቀው ምክንያት አለኝ። ብዙ ተማሪዎቼ ሳይንስን የሚያውቁት በጠመኔ ነው። ሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ ተስሎ ያያሉ። ማይክሮስኮፕ በመጽሐፍ ሥዕል ያውቃሉ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ እውነተኛው ማይክሮስኮፕ አለ፤ ግን ካርቶኑ ውስጥ ነው፣ ካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። "እንዳይሰበር" ይባላል። አንድም አምፖል አቃጥሎ የማያውቅ ልጅ ከረንት ምን እንደሆነ ቢያጠናም አይገባውም። ያልገባውን ነገር ደግሞ ሥራዬ ብሎ አይመርጠውም። ኢንጂነር መሆን የሚፈልግ ልጅ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ማዕረጉን ነው። ኢንጂነር ጠዋት ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ አይቶ አያውቅም።

ወላጆች የሚያነሱት ሥጋት አለ፤ ትክክልም ነው። "ማትሪክ ሳያልፍ ሮቦቱ ምን ያደርግለታል?" ይላሉ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅዳሜን ለሽቦና ለባትሪ መስጠት ያስፈራል። ስለዚህ የምነግራችሁ ከጥናት ሰዓት የሚሻማ ነገር እንድትመርጡ አይደለም። ልጁ ክፍል ውስጥ የሰማውን በእጁ የሚያገኝበትን ቦታ ፈልጉ ነው የምለው። ቮልቴጅና ከረንት እንዴት እንደሚያያዙ የሚናገረውን ኦም ሎን በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ለክቶ ያየ ልጅ ቀመሩን መሸምደድ አያስፈልገውም። ይህን በክፍሌ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የዩኒቨርሲቲው የስቴም ማዕከል

ስቴም ማለት ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ በአንድ ላይ ነው። በሀገራችን እንዲህ ያሉ ማዕከላትን ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ያስፋፋው ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ነው። የመጀመሪያውን የከፈተውም ሩቅ አይደለም፤ ቢሾፍቱ ነው፣ ፎቃ። እኛ ደጅ ያለው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትልልቆቹ እስካሁን ቴክኒክ ኮሌጅ እያልን የምንጠራው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ተማሪዎቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል። ስለዚህ ልጃችሁ ወደፊት እዚያ መግባት ካሰበ ግቢውን አሁኑኑ ማወቁ ትርፍ ነው።

ዕቃን በተመለከተ ከዩኒቨርሲቲ ማዕከል የሚወዳደር የለም። የኤሌክትሮኒክስ ላብ ሲባል በእርግጥ ጠረጴዛ፣ ቴስተር፣ ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ብሬድቦርድ፣ መበየጃ ያለበት ክፍል ነው። ኮምፒውተሩም ለአንድ ወይም ለሁለት ልጅ አንድ ሆኖ ይገኛል። ጊዜውም ረዘም ይላል፤ ቅዳሜና እሑድ ወይም ክረምቱን ይዞ ይሄዳል። ክፍያ የለውም። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ሌላ ነገሩን ነው። ልጁ በዩኒቨርሲቲ በር ይገባል። ከእሱ በአምስት ዓመት የሚበልጥ ተማሪ አጠገቡ ቆሞ "እንዲህ ያዘው" ይለዋል። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ በወሬ የሚሰማው ቦታ መሆኑ ይቀራል። መንገዱን ያውቀዋል።

ችግሩ ወንበሩ ትንሽ ነው። ምልመላው አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ቤት በኩል፣ በውጤት ነው። ከክፍሉ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ይላካሉ። አሥራ አምስተኛ የሚወጣው፣ ግን የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ፈቶ የጨረሰው ልጅ ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያ ልጅ ነው ቦታው የሚገባው። ደረጃ የሚይዙት ልጆች ማዕከሉ ባይኖርም መንገዳቸውን ያገኛሉ። በዋናነት የሚወሰዱትም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ናቸውና ለታናናሾች ላይሆን ይችላል።

ሳትሄዱ የምትጠይቁት፦ ዘንድሮ የሚቀበሉት ስንተኛ ክፍል ነው? ደብዳቤ ከትምህርት ቤት ነው ወይስ በግል መመዝገብ ይቻላል? ማብራሪያው በምን ቋንቋ ነው? ይህ የመጨረሻው አዳማ ላይ ትልቅ ጉዳይ ነው። አንዱ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ያድጋል፣ ሌላው በአማርኛ፣ ሁለቱም ዘጠነኛ ሲገቡ እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። አሠልጣኙ ሁለቱን ቋንቋ እያፈራረቀ የሚያስረዳ ከሆነ ልጁ አፉን ይከፍታል። ካልሆነ አንገቱን እየነቀነቀ ይወጣል። የምሳውንና የባጃጁን ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ አስሉ። "ነፃ ነው" የተባለ ፕሮግራም በሦስተኛው ሳምንት የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በትራንስፖርት ነው።

የትምህርት ቤቱ ክበብ

ወላጅ ከሁሉም የሚንቀው ይህንን ነው። እኔ ግን ለአብዛኛው ልጅ የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን እላለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓመቱን ሙሉ አለ። ቤቱ አጠገብ ነው። የሚያስተምረው ሰው የልጁን ስም ያውቃል።

ክበብ ሲባል ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በባንዲራ ሥነ ሥርዓት ጊዜ ስለ ኒውተን ጽሑፍ የሚነበብበት ነው። ሁለተኛው ዕቃ የሚነካበት ነው። ልዩነቱን የምታውቁት በአንድ ነገር ነው፤ የላብራቶሪው ቁልፍ ማን ጋ ነው? አስተማሪው ኪስ ውስጥ ከሆነ ልጃችሁን ላኩ። "ስቶር ኪፐሩ ጋ ነው፣ እሱም ዛሬ የለም" ከተባላችሁ ክበቡ በወረቀት ላይ ነው ያለው።

ላብራቶሪ ባይኖርም ደግሞ ክበብ ይሠራል። የእኛ ክበብ የተጀመረው በአራት ባትሪ ድንጋይ፣ በአሮጌ የባትሪ አምፖልና ከተቃጠለ ስፒከር በወጣ ማግኔት ነው። መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ሁለት ቁጥር አምጡ፤ አንዱን ትንሽ፣ አንዱን ትልቅ። በቀጭን ቱቦ አገናኟቸው፣ ውኃ ሙሉ፣ ትንሹን ግፉ። ትልቁ ሲሪንጅ መጽሐፍ ያነሳል። የመኪና ክሪክም፣ የገልባጭ መኪና ማንሻም በዚህ ሕግ ነው የሚሠሩት። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ሩቡን ያህል ውኃ አድርጋችሁ በብስክሌት መንፊያ አየር ብትሞሉበት ከጣሪያ በላይ ይወነጨፋል። ልጆች መጀመሪያ ይጮኻሉ። ቀጥሎ "ውኃው ቢበዛስ?" ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ። እዚያች ጥያቄ ላይ ሳይንስ ተጀመረ ማለት ነው። (ፊት ወደ ጠርሙሱ አይጠጋም፤ የሚነፋውም ራቅ ብሎ ቆሞ ነው። ይህን ሳላስጠነቅቅ አላልፍም።)

የክበብ ድክመቱ በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው። ያ አስተማሪ ሲዛወር ክበቡ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ከመላክ አልፎ ለአስተማሪው የሚያስፈልገውን ይጠይቅ። የአንድ ካርቶን ባትሪ ድንጋይ ወጪ ከክረምት ኮርስ ክፍያ ጋር አይወዳደርም። አርባ ልጅ ግን ይጠቀምበታል።

የግል የክረምት ኮርስ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አብዙ። ጥሩዎች አሉ። ዕውቀቱ ያላቸው፣ ልጅ የሚወዱ ወጣቶች ከፍተው በትንሽ ትርፍ የሚለፉባቸው ቦታዎች አይቻለሁ። እህቴ ልጅ ላይ እንደደረሰው ዓይነትም አለ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም፤ ባነሩም ቲሸርቱም አንድ ነው።

ስለዚህ ሳትከፍሉ ሂዱና ክፍሉን እዩ። አንድ ኪት ለስንት ልጅ ነው? ሁለት ጥሩ ነው፣ ሦስት ይቻላል፣ ከአራት በላይ ከሆነ ልጃችሁ ቪዲዮ ቀራጭ ሊሆን ነው። የተሠራው ነገር በመጨረሻ ይፈታል ወይስ ልጁ ቤት ይወስደዋል? ኪቱ ውድ ስለሆነ ብዙዎቹ ይፈቱታል፤ አልፈርድባቸውም። ግን ቢያንስ አንድ ትንሽ ነገር፣ ከፎቶ በቀር፣ ቤት መግባት አለበት። አሠልጣኙ አንድ ነገር ሲበላሽ ምን ያደርጋል? ይህን ለማየት አሥር ደቂቃ በር ላይ መቆም ይበቃል። "ስጠኝ፣ እኔ ላስተካክለው" የሚል አሠልጣኝ ዕቃውን ያስተካክላል፣ ልጁን ያበላሻል። "ሽቦውን ከዚህ ጀምረህ ተከተለው" የሚለውን ካገኛችሁ ክፈሉ።

ኮዲንግ ይሻላል ወይስ ሮቦቲክስ የሚለውን ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። መልሱ ያለው ቤታችሁ ውስጥ ነው። ቤት ኮምፒውተር ከሌለ የሁለት ወር ኮዲንግ እስከ ጥቅምት ይረሳል። እንዲህ ከሆነ ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ሂዱ፤ ካቻቢቴና ፒንሳ የትም ቤት አለ፣ ልጁ የለመደውን አይተውም። ኮምፒውተር ካለ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ላለ ልጅ ስክራች በቂ ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ የተሠራ፣ ነፃ የሆነ፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ትእዛዞቹን እንደ ጡብ እየደረደሩ ነው የሚጽፉት። አሥራ ሁለት ዓመት ካለፈው አርዱዊኖ ይጀምር። አርዱዊኖ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ሰሌዳ ናት። ኮዱን ከኮምፒውተር ትቀበልና መብራት ታበራለች፣ ሞተር ታዞራለች፣ ሙቀት ትለካለች። ልጁ የጻፈው ነገር ዓይኑ ሥር ሲንቀሳቀስ ያያል። ስክሪን ላይ ብቻ ከሚቀረው ኮድ ይልቅ ይህ ልቡን ይይዘዋል።

ስለ ሴት ልጆች እዚሁ ላንሳ። ወንድና ሴት በተቀላቀለበት ቡድን ውስጥ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ወንዶቹ መበየጃውን ይይዛሉ። ሴቷ "ጽሑፍሽ ያምራል" ተብላ ሪፖርቱን ትጽፋለች። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ እንዲሁ ይሆናል። እኔም ክበቤ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላስተውለው ኖሬያለሁ። አሁን በየሃያ ደቂቃው ሥራ እናቀያይራለን። የያዘው ያስረክባል፣ የጻፈው ይይዛል። በዚያው ተርም ከሁሉም ንጹሕ ብየዳ የምትበይደው የስምንተኛ ክፍል ልጅ መሆኗ ታወቀ። ፕሮግራም ስትመርጡ "ሴቶች አሉ ወይ?" ብቻ አትበሉ። "ሴቶቹ ምን ይዘዋል?" በሉ። ሴት አሠልጣኝ ካለች ደግሞ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን እዚያ ላኳት።

ውድድርና ኤግዚቢሽን

አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሶልቭ አይቲ የሚባል ሀገር አቀፍ የወጣቶች ውድድር ሲያካሂድ ቆይቷል። ስቴምፓወርም የሳይንስና ኢንጂነሪንግ አውደ ርእይ ያዘጋጃል። ልጃችሁ የሚሠራው ነገር ካለው እንዲህ ያለው መድረክ ያነቃዋል። ቀነ ገደብ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ እኩያ አለ። "ለምን እንዲህ አደረግከው?" ተብሎ በማያውቀው ሰው መጠየቅ ትልቅ ትምህርት ነው።

ለጀማሪ ግን አልመክርም። ገና ምንም ያልነካ ልጅ ውድድር ሲባል አጎት ይገባበታል። አጎት ይሠራል፣ ልጅ ያቀርባል። ዳኛው ሁለተኛ ጥያቄ ሲጠይቅ ልጁ ወደ አጎቱ ያያል። አንድ ዓመት ክበብ ውስጥ ቆይቶ፣ የራሱ የከሸፈ ሁለት ሥራ ኖሮት ይሂድ።

ሥራው ያለበት ቦታ መሄድ

ይህን ማንም ፕሮግራም ብሎ አይሸጥላችሁም። አዳማ ግን በዚህ ዕድለኛ ከተማ ናት።

ከአዲስ አበባ ስትመጡ ከተማዋ ከመድረሳችሁ በፊት ኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አዳማ አንድ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 34 ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. አዳማ ሁለት 102 ጨመረ። እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት ነው። ልጁን ያባዛው በሉት፤ 51 እና 153፣ በድምሩ 204 ሜጋዋት ያገኛል። በሌላ በኩል ቆቃ አለ። ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 43 ሜጋዋት ያህል ነው። "እንግዲያው ነፋሱ ከአምስት ቆቃ ሊተካከል ነው?" ብሎ ይጠይቃችኋል። ነፋስ ግን ሁልጊዜ አይነፍስም። ውኃው ደግሞ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ይህ ክርክር ኢንጂነሮች በየቀኑ የሚከራከሩት ነው፤ ልጃችሁ ገባበት ማለት ነው።

የክበባችንን ልጆች አንድ ቅዳሜ ተርባይኖቹ በደንብ ከሚታዩበት ቦታ ወሰድኳቸው። ግቢው ውስጥ ለመግባት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ከሩቅ ለማየት ግን ማንንም አያስፈቅድም። "ፍጥነቱ ስንት ይመስላችኋል?" አልኳቸው። ሁሉም ሳቁ፤ ለዓይን እኮ የሚያንቀላፋ ነው የሚመስለው። "ከባጃጅ ያንሳል" አለ አንዱ። አንድ ክንፍ መርጠን በስልክ ሰዓት ይዘን ቆጠርን። በአንድ ደቂቃ 15 ዙር። ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ዲያሜትሩ 77 ሜትር ነው። በ3.14 ሲባዛ የክቡ ዙሪያ 242 ሜትር ይጠጋል። ያንን በ15፣ ከዚያ በ60 አባዙ። የክንፉ ጫፍ በሰዓት 218 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ፈጣን መንገዱ ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛው ፍጥነት 120 ነው። ዝም አሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። "ታዲያ ለምን አይገነጠልም?" አለች አንዷ። ያን ጥያቄ እስካሁን አልጨረስነውም።

ወጪው የመኪና ብቻ ነበር።

በሌላ አቅጣጫ መልካሳ አለ፤ ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የግብርና ምርምር ማዕከሉ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ቦሎቄ፣ በቆሎ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ይሠራሉ፤ የእርሻ መሣሪያም ይሞክራሉ። ልጆቻችን ሳይንቲስት ሲባል ነጭ ጋዋን የለበሰ ፈረንጅ ነው የሚታያቸው። እዚያ ግን ሳይንቲስቱ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ቅጠል ይቆጥራል። ባዮሎጂ የሚወድ ልጅ "ሐኪም ካልሆንኩ ምንም" ከሚለው ሐሳብ የሚወጣው እንዲህ ያለ ቦታ ሲያይ ነው። ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ከጠየቀ የጉብኝት ቀን ማግኘት ይቻላል፤ በግል ከመሄድ በክበብ መሄዱ ይሻላል።

ጋራዥንም አትናቁ። የሰፈራችሁ መካኒክ ወይም የስልክ ጠጋኝ ልጃችሁን በሳምንት አንድ ከሰዓት አጠገቡ ቢያስቀምጠው፣ ብልሽት እንዴት እንደሚፈለግ ያሳየዋል። ይህን ማንኛውም ኮርስ በደንብ አያስተምርም። መጀመሪያ ምን ይነካል? ምን ይወገዳል? መቼ ይቆማል? ከመካኒኩ ጋር ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መጀመሪያ ሰሞን ያያል፣ ያቀብላል። ከዋናው መብራትና ከመኪና ሥር ይርቃል።

የጉብኝት ድክመቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ቀን ነው። በሚቀጥለው ሰኞ ይረሳል። ክበብ ወይም ኮርስ አጠገቡ ሲኖር ግን ለሁለቱም ነፍስ ይዘራባቸዋል።

በስልክና በኢንተርኔት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ነፃ ነው። ስለ ፕሮግራሚንግ፣ ስለ ዳታ ሳይንስና ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል። እንግሊዝኛው ላልከበደው የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ይጠቅማል። ለታናናሾች ደረቅ ነው። ፌት የሚባሉት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ማስመሰያዎች፣ ማለትም ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያሠሩ ፕሮግራሞች፣ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ግሩም ናቸው። ብዙዎቹን በፍላሽ ይዞ ያለ ኢንተርኔት መክፈት ይቻላል፤ መብራት ሲጠፋ እኔ በላፕቶፕ ባትሪ አሳያለሁ። ነገር ግን ስክሪን ላይ አምፖል አይሞቅም። እጅ ላልነካ ልጅ ምትክ አታድርጉት። አዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየሙ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ አሳዩዋቸው፣ ለእሱ ብላችሁ ግን ብዙ አታውጡ።

እንግዲህ የቱ?

ለስድስተኛና ለሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ እጅ ላይ ገንዘብ ባይኖር፣ ክበቡና ቅዳሜ የሚደረግ ጉዞ ከበቂ በላይ ነው። ክበብ ከሌለ ሦስት ወላጅ ሆናችሁ አንድ አስተማሪ ጠይቁ፤ ብዙዎቻችን ጠያቂ ነው ያጣነው። ገንዘብ ካለና ልጁ ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ከሆነ፣ ክፍሉን ዓይታችሁ የግል ኮርስ አስገቡት፤ ግን ከክበቡ አታስወጡት። ዘጠነኛ ሲገባ የዩኒቨርሲቲውን ማዕከል ሞክሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለሆነ ልጅ አዲስ ነገር አታስጀምሩት። የጀመረው ካለ በሳምንት ሁለት ሰዓት ይቀጥል፤ ከጥናት የደከመ ጭንቅላት እጅ ሲሠራ ያርፋል።

ስለ ማዕከሉ ርእሰ መምህሩን የምታናግሩት ሰኔ ላይ አይሁን። ሰኔ ላይ ስሞቹ ሄደዋል። ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ ሂዱ። ልጃችሁ ደረጃ ከማይይዙት ከሆነ ደግሞ ካርዱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አምና አንድ አባት ልጁ ከተጣለ ፕሪንተር ሞተር አውጥቶ የሠራትን ትንሽ ማራገቢያ በፌስታል ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት፣ ባትሪውን ነኩት፣ ዞረች። ርእሰ መምህሩ ወረቀቶቹን በእጃቸው ደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የዚያን ልጅ ስም ደብዳቤው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ ስምንተኛ ነበር የሚወጣው።